የታሪክ ተማሪ ሁለተኛ መማሪያ ክፍሉ ሕዝቡ ነው

ማናቸውም ትምህርት በሁለት ስፍራ ይፈተናል። የመጀመሪያው ፈተና በመማሪያ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ነው፤ ፈታኙም መምህሩ ነው። ሁለተኛው ፈተና ከክፍሉ ውጭ፣ በኑሮ መካከል የሚሰጠው ነው፤ ፈታኙም ኅብረተሰቡ ነው። የሕክምና ተማሪ በሕሙማን አልጋ አጠገብ፣ የእርሻ ተማሪ በማሳ ላይ፣ የምህንድስና ተማሪ በመንገድና በድልድይ ሥራ ላይ ይህን ሁለተኛ ፈተና ይወስዳል። የታሪክ ተማሪስ የት ይፈተናል? ይህ ጥያቄ ሲነሣ ብዙ ጊዜ አይሰማም። ታሪክ የሙታን ጉዳይ፣ የነገሥታት የትውልድ ሐረግና የጦርነት ዘመን ቁጥር ብቻ መስሎ የሚታያቸው ወገኖች፣ ትምህርቱ ከክፍል ውጭ ለተማሪው የሚሰጠው ጥቅም ያለ አይመስላቸውም። እኛ ግን ይህ አመለካከት የተሳሳተ ከመሆኑም በላይ ጎጂ ነው እንላለን። በዛሬው ጽሑፋችንም ስለዚህ ጉዳይ ለመንደርና ለቀበሌ ነዋሪዎች እንዲሁም ለሠራተኞች ሐሳባችንን እናቀርባለን፤ ጉዳዩ የዩኒቨርሲቲው ብቻ ሳይሆን የእነርሱም ነውና።

ታሪክ ተረት አይደለም፤ የዘመናት ቁጥር ክምችትም አይደለም። ታሪክ፣ ሰዎች በተወሰነ ጊዜና ቦታ፣ በተወሰነ የኑሮ ሁኔታ ውስጥ ሆነው ስላደረጉትና ስለተደረገባቸው ነገር በማስረጃ ተደግፎ የሚገኝ ዕውቀት ነው። ስለሆነም የታሪክ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መልስን ሳይሆን አጠያየቅን ነው። ይህን የተናገረው ማን ነው? በስፍራው ነበረ ወይስ ሲወራ ሰማ? ነገሩ እንዲህ ነው ቢባል የሚጠቀመው ማን ነው? ከሌላ ምስክር ጋር ሲነጻጸርስ ይጸናል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች የታሪክ ተማሪ የሥራ መሣሪያዎች ናቸው። በ1911 ዓ.ም. ያረፉት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ገና በዚያ ዘመን፣ የታሪክ ጸሐፊ ማስተዋልን፣ አለማዳላትንና አጥርቶ መግለጥን አንድ ላይ ሊይዝ እንደሚገባው ማስገንዘባቸው ይታወቃል። ከሦስቱ ሁሉ የሚከብደው አለማዳላት ነው። በፈተና ወረቀት ላይ አለማዳላት ቀላል ነው፤ ጉዳዩ የገዛ አያትን፣ የገዛ አውራጃን፣ የገዛ ወገንን ሲነካ ግን ከባድ ይሆናል። የታሪክ ትምህርት እውነተኛ ፈተና የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን ይህ ፈተና የራሱ የሆነ መልክ ነበረው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተና በ1954 ዓ.ም. ወደ ሙሉ ዩኒቨርሲቲነት ከተሸጋገረ በኋላ፣ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንጻ ተቋቋመ። የታሪክ ክፍል ተማሪዎችም በመጨረሻው ዓመት ለመመረቂያ የሚሆን የጥናት ጽሑፍ እንዲያቀርቡ ይደረግ ጀመር። ብዙዎቹ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ የመረጡት የተወለዱበትን ወይም ያደጉበትን አካባቢ ነበር። ስለ ከተሞች አመሠራረት፣ ስለ ገበያና ስለ ሲራራ ነጋዴዎች፣ ስለ ገባርና ስለ ጉልተኛ፣ ስለ ጠላት ወረራ ዘመንና ስለ አርበኞች ትግል ጻፉ። በጽሑፎቹ መጨረሻም ከመጻሕፍት ዝርዝር ጎን ቃላቸውን የሰጡ አባቶችና እናቶች ስም፣ ዕድሜና ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን ይመዘገብ ነበር። አንባቢ ይህን ተራ ነገር አድርጎ እንዳይመለከተው እናሳስባለን። ስሙ በግብር መዝገብ ወይም በእስረኞች መዝገብ ካልሆነ በቀር በየትም ተጽፎ የማያውቅ ገበሬ፣ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ምስክርና እንደ ዐዋቂ ተቆጥሮ ሲሰፍር፣ የዕውቀት ባለቤት ማን ነው ለሚለው ጥያቄ አዲስ መልስ መሰጠቱ ነበር።

በዚህ ሥራ ተማሪው ራሱ ምን ይሆናል? እስኪ አንድ ተማሪ ደብተሩንና እርሳሱን ይዞ ወደ ትውልድ ቀዬው ሲመለስ እንመልከት። ከተማ የከረመ ነውና ሁሉን የሚያውቅ መስሎ ይገባል። ሽማግሌው ዘንድ ቀርቦ፣ «አባባ፣ ስለ ድሮው ይንገሩኝ» ሲል፣ ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ ስለ የትኛው ድሮ ነው የምትጠይቀኝ?» ብለው መልሰው ይጠይቁታል። ተማሪው በዚያች ቅጽበት ጥያቄው ያልበሰለ መሆኑን ይረዳል። ሁለተኛ ቀን ይመለሳል፤ ቡናው እስኪፈላ ዝም ብሎ መቀመጥን ይማራል። ሦስተኛ ቀን ደግሞ በማዶ ያሉት እማማ ሽማግሌው የነገሩትን ይቃወማሉ፤ እርሳቸው የሚያስታውሱት ጦርነቱን ሳይሆን በጦርነቱ ሳቢያ እህል የተወደደበትን ክረምት ነው። በመጨረሻም አጎቱ ወደ ጥግ ይጠሩትና፣ «የአያትህን ነገር ግን ባትጽፈው ይሻላል» ይሉታል። ይህ ተማሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ትሕትናን፣ ትዕግሥትን፣ ምስክርን ከምስክር ማመዛዘንንና ከወገን ግፊት ጋር መታገልን ተምሯል። ይህን ትምህርት የሚሰጥ መጽሐፍ የለም።

ነገሩ ይበልጥ ግልጽ እንዲሆን አንድ የታወቀ ምሳሌ እንውሰድ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ በጎጃም ያለው ገበሬ መሬቴ ይለካል፣ ርስቴ ይነካል በሚል ሥጋት አልቀበልም አለ፤ መንግሥትም ጦርና አይሮፕላን እስከ ማዝመት ደረሰ። ይህን ጉዳይ ከሹማምንት ደብዳቤዎች ብቻ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ሽፍታና ዐመፀኛ የሚሉ ቃላትን ነው። ከገበሬው አፍ ብቻ የሰማ ሰው ደግሞ ግፍንና ጀግንነትን ብቻ ያገኛል። ሁለቱን አቅርቦ የመረመረ ግን ሥርዓቱ እንዴት ይሠራ እንደነበር፣ ግብሩ በማን ትከሻ ላይ ያርፍ እንደነበር፣ ገበሬውን ከባላባቱ ጋር አንድ ጊዜ ያስተባበረው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ የለየው ጥቅም ምን እንደነበር ይገነዘባል። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ የጎጃሙን ዐመፅ በትግራይና በባሌ ከተነሡት የገበሬ ዐመፆች ጋር አነጻጽረው የመረመሩት በዚህ ዐይነት አስተያየት ነው። ከዚህ የምንረዳው ታሪክ የሚሠራው በሰፊው ሕዝብ መሆኑን መናገር ብቻ በቂ አለመሆኑን ነው። ሕዝቡ የሠራውን ሕዝቡን ጠይቆ፣ የተባለውንም መርምሮ መጻፍ ያስፈልጋል።

ተማሪ ከክፍሉ ወጥቶ ከሕዝቡ ጋር መገናኘቱ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ፣ በአመዛኙ በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር። መሬት ለአራሹ የሚለው ጥያቄ በየካቲት 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ተስተጋባ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ለአገልግሎት ወጥተው የተመለሱት ተማሪዎች ስለ ጭሰኛው ኑሮ የሚናገሩት ከመጽሐፍ ያነበቡትን ብቻ ሳይሆን በዐይናቸው ያዩትን ጭምር ነበር። በኅዳር 1962 ዓ.ም. የዋለልኝ መኮንን ጽሑፍ የብሔረሰቦችን ጥያቄ በይፋ ሲያነሣ፣ ክርክሩ በመሠረቱ ስለ ታሪክ የተደረገ ክርክር ነበር። ይህች አገር እንዴት ተመሠረተች? በማን ጉልበት? በማንስ ኪሳራ? የሚል ነበርና። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደግሞ ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ፤ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ በሥራ ላይ ለማዋል ገበሬውን በማደራጀት ተካፈሉ።

የዚያን ትውልድ ቆራጥነትና መሥዋዕትነት ማንም ሊክደው አይችልም። ሆኖም ታሪክን የሚያጠና ሰው ውዳሴ ብቻ ሊጽፍ አይገባውም፤ ሂስም ያስፈልጋል። በወቅቱ ብዙው ተማሪ ስለ ሩሲያና ስለ ቻይና አብዮት ያነበበውን ያህል ስለ ገዛ አገሩ ገበሬ የዘር ጊዜና የርስት ሥርዓት አላጠናም ነበር። ወደ ገጠር ሲወጣም አንዳንዱ ለመማር፣ አንዳንዱ ግን ለማስተማር ብቻ ወጣ። ለመማር የወጣው ገበሬው የሚፈራውንና የሚመኘውን ሰምቶ፣ ሐሳቡን አርሞ ተመለሰ። ለማስተማር ብቻ የወጣው ግን በኪሱ ይዞት የሄደውን መልስ እንዳለ ይዞት ተመለሰ። ጥያቄ ቀርቶ መልስ ብቻ ሲነግሥ ደግሞ ምን እንደሚከተል በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በመረረ ሁኔታ ታየ። በአንድ የንባብ ክበብ የተቀመጡ፣ አንድ ዐይነት መጽሐፍ ያነበቡ ወጣቶች በየጎራው ተሰልፈው ተገዳደሉ፤ በቀይ ሽብርም እጅግ ብዙ ወጣት አለቀ። የዚያን ዘመን ሐዘን እስከ ዛሬ በልባቸው የያዙ እናቶች በየቀበሌያችን አሉ። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ መጽሐፍ ያሳተሙት ራሳቸው የዚያ ትውልድ አባል ሆነው ነው። አንድ ትውልድ የገዛ ጉዞውን ወደ ኋላ ተመልሶ በማስረጃ መመርመሩ የታሪክ ትምህርት ከሚሰጣቸው ፍሬዎች አንዱ ነው።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ያለፈውን ለማስታወስ ብቻ አይደለም። ጉዳዩ ዛሬም በደጃችን አለ። በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በአያሌ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነሥቶ የተማሪዎች ሕይወት ጠፋ፤ ልጆቻችን ሻንጣቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። የግጭቱ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም በታሪክ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም። ነገር ግን በየመኝታ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፉ ከነበሩት ነገሮች መካከል የታሪክ ስባሪዎች እንደነበሩባቸው የታወቀ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በእነ እገሌ ላይ ተፈጸመ የተባለ በደል፣ ምስክሩ ሳይጠየቅ፣ ቦታውና ጊዜው ሳይለይ፣ ዛሬ አጠገብ በተኛው የክፍል ጓደኛ ላይ ዕዳ ሆኖ ተቆጠረ። በዚያው ዓመት በተዘጋጀው የአንደኛ ዓመት ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለሁሉም ተማሪ የሚሰጥ የጋራ ትምህርት ሆኖ መግባቱና ስለ ይዘቱም ብዙ ክርክር መነሣቱ ይታወሳል። ክርክሩ መነሣቱ አያስደነግጠንም። የሚያስደነግጠን ክርክሩ በማስረጃ ሳይሆን በድንጋይ የሚካሄድ ሲሆን ነው።

እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ ድርሻ ከሁሉም ተማሪ ይበልጣል። በመኝታ ቤት ውስጥ አንድ ወሬ ሲገባ፣ ስድስት ተማሪዎች ሲቆጡ፣ ሰባተኛው «ይህን ያየው ማን ነው? መቼ? የት?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ የዚያ ክፍል ሌሊት ሌላ መልክ ይይዛል። አባቶቻችን ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ያሉት ስለዚህ ነው። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ድፍረት ይጠይቃል፤ ጠያቂውን ከወገኑ ተነጥሎ የቆመ ያስመስለዋልና። ይሁን እንጂ ማስረጃን መጠየቅ በደልን መካድ አይደለም። በእርግጥ የተፈጸመ በደል በማስረጃ ሲጸና የበለጠ ይታወቃል፤ ያልተፈጸመውም ደም ሳያፈስ ይቀራል። አራት ዓመት ታሪክ ተምሮ በዚህ ሰዓት ዝም የሚል ተማሪ፣ ውጤቱ ምንም ያህል ከፍተኛ ቢሆን፣ በሁለተኛው ፈተና ወድቋል እንላለን።

አንዳንድ ወላጆች፣ «ታሪክ እንጀራ አይሆንም፤ ልጄ ሥራ የሚያስገኝ ትምህርት ይማር» እንደሚሉ እናውቃለን። ይህ ከኑሮ ችግር የሚመነጭ ተገቢ ሥጋት ነው፤ ልናጣጥለው አይገባም። በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት ከመቶ ሰባው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ወደ ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ከተደረገ ወዲህ ታሪክን ለመሰሉ ትምህርቶች የሚቀረው ቦታ ጠባብ ሆኖ ነበር። ፋብሪካና መንገድ፣ መድኃኒትና መብራት ለሚያስፈልጋት አገር መሐንዲስና ሐኪም ማፍራት አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ምስክርን ከምስክር ማመዛዘን የማይችል ዳኛ፣ ሰነድ ማንበብ የማይችል አስተዳዳሪ፣ ወሬን ከማስረጃ የማይለይ ጋዜጠኛ ለሕዝብ ምን ይጠቅማል? የታሪክ ተማሪ በመስክ ሥራው የሚያገኘው ችሎታ በፍርድ ቤት፣ በመዝገብ ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በሽምግልናም ጭምር የሚሠራበት ነው። እንጀራውም ከዚሁ ይገኛል።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ቀበሌ ነዋሪዎችና ወደ ሠራተኞች እንመለስ። የታሪክ ተማሪ ሁለተኛ መማሪያ ክፍሉ ሕዝቡ ከሆነ፣ የዚያ ክፍል መምህራን እናንተ ናችሁ ማለት ነው። የሠራተኛው መደብ ታሪክ ዛሬም በበቂ ሁኔታ አልተጻፈም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰውን የባቡር ሐዲድ ማን ዘረጋው? በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሸንኮራ ቆራጩ ስንት ሰዓት ይሠራ፣ ስንት ይከፈለው፣ የት ያድር ነበር? በ1955 ዓ.ም. የሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም በየፋብሪካው ማን ምን አደረገ? በየካቲት 1966 ዓ.ም. መጨረሻ ኮንፌዴሬሽኑ የጠራው ጠቅላላ የሥራ ማቆም ሲደረግ፣ በየሠራተኛው ቤት ምን ተበላ፣ ምንስ ተፈራ? በዚያ ቀን ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት ሠራተኛ ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው አዛውንት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይኖርም።

የከተማ ነዋሪዎችም ነገር እንዲሁ ነው። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፒያሳና በካዛንችስ አሮጌ ሠፈሮች ሲፈርሱ ነዋሪዎቻቸው ወደተለያዩ አካባቢዎች ተዛውረዋል። ከተማ ይታደሳል፤ ጎረቤት ሲበታተን ግን አብሮ የሚበታተን ነገር አለ። የዕድር መዝገብ ማን ዘንድ ቀረ? በዚያ መዝገብ ውስጥ ማን መቼ እንደሞተ፣ ስንት ብር እንደተዋጣ፣ ድንኳን የጣለውና ንፍሮ የቀቀለው ማን እንደነበር ተጽፏል። የሠራተኛ ማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ የግብርና የኪራይ ደረሰኝ፣ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ፣ በጓዳ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ሁሉ የታሪክ ሰነዶች ናቸው። ለሱቅ መጠቅለያ ወይም ለእሳት ማያያዣ ሲውሉ ብዙ ጊዜ አይተናል።

ስለዚህ በበኩላችን የሚከተለውን እናሳስባለን። ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራት አሮጌ መዝገቦቻቸውን ቆጥረው፣ ከእርጥበትና ከአይጥ ጠብቀው ያኑሩ፤ ሊያጠናው ለሚመጣ ተማሪም ማንነቱን አረጋግጠው ያሳዩ። ተማሪ ደብተር ይዞ ደጃችሁ ሲቆም ሰላይ ወይም ሥራ ፈት አድርጋችሁ አትዩት። ሲጠይቃችሁም የሚያስደስተውን ሳይሆን የሆነውን ንገሩት፤ የምታፍሩበትንም ጭምር። ያላያችሁትን «ሰማሁ» በሉ እንጂ «አየሁ» አትበሉ። ዩኒቨርሲቲዎችም በበኩላቸው የመስክ ሥራን እንደ ትርፍ ነገር እንዳይቆጥሩትና ለተማሪው መጓጓዣና ጊዜ እንዲሰጡት ይገባል። የተጻፈውም ጽሑፍ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብስ መኖር የለበትም። ተማሪው ቃላቸውን ወደሰጡት ሰዎች ተመልሶ፣ በሚያውቁት ቋንቋ፣ በዕድር ስብሰባ ወይም በሠራተኞች ክበብ ያገኘውን ያሰማ። በዚያ ጉባኤ የሚነሡት አዛውንት፣ «ልጄ፣ እዚህ ላይ ተሳስተሃል» ቢሉት፣ ያ እርማት ከማናቸውም የክፍል ውጤት የሚበልጥ ነው።

የታሪክ ተማሪ ሕዝቡን ሊያስተምር የሚችለው አስቀድሞ ከሕዝቡ ሲማር ነው። ሕዝቡም የገዛ ታሪኩ ባለቤት የሚሆነው ለጠያቂ በሩን ሲከፍትና እውነቱን ሲነግር ነው። ከሁለቱ አንዱ ከቀረ ታሪክ እንደገና የወሬኞች መሣሪያ ይሆናል፤ ዋጋውንም የሚከፍሉት በየመኝታ ቤቱ ያሉት ልጆቻችን ናቸው። የእገሌ ልጅ ለክረምት ዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ፣ እንግዲህ «ምን ተማርክ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። «ማንን ጠየቅህ?» በሉት። መልስ ከሌለው ወንበር አቅርባችሁ አስቀምጡት፤ ከእናንተም ይጀምር።